«ስለ ምን ቢሉ»፦ ትርጓሜ ከጉባኤ ቤት የወጣበት መንገድ

ጥር 11 ቀን ረፋዱ ላይ፣ ታቦታቱ ከጥምቀተ ባሕሩ ወደየመንበራቸው ሲመለሱ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው እልል ከሚሉት እናቶች ወደ አንዷ ጠጋ በሉና፣ ጌታ ስንት ወንዝ እያለ ስለ ምን በዮርዳኖስ ተጠመቀ ብላችሁ ጠይቋቸው። ብዙዎቹ ሳያመነቱ ይመልሱላችኋል። ዮርዳኖስ ምንጩ አንድ ነው፤ ዝቅ ሲል ለሁለት ይከፈላል፤ ከዚያ በታች ተመልሶ ይገናኛል። የሰውም ዘር እንደዚሁ ነው፤ ከአንድ አዳም ተቀድቶ፣ በኋላ የተገረዘና ያልተገረዘ፣ እስራኤልና አሕዛብ ተባብሎ ተለያይቶ ነበር፤ ጌታ ከመገናኛው ገብቶ ሲጠመቅ አንድ አደረገው ይሏችኋል። ጊዜ ከሰጣችኋቸውም ዲያብሎስ የአዳምንና የሔዋንን የባርነት ደብዳቤ በድንጋይ ጽፎ፣ አንዱን በዮርዳኖስ አንዱን በሲኦል እንደ ደበቀው፣ ጌታም ውኃው ውስጥ ሲቆም የዮርዳኖሱን እንደ ደመሰሰው ይጨምሩላችኋል።

እኒህ እናት ምናልባት ፊደል አልቆጠሩም። የተናገሩት ግን የሰው ዘር አንድነትን፣ የመዳንን ነገርና የጥምቀትን ምሥጢር ነው። ይህን ከሰባኪ ሰምተውታል፤ ሰባኪው ከመምህሩ፣ መምህሩም ከመምህሩ ሰምቶታል። መስመሩን ወደ ኋላ ብንከተለው ጎንደር ያደርሰናል፤ ከጎንደርም ወደ ኋላ ገና ብዙ መንገድ ይቀራል።

ግእዝ መጽሐፍ ቅዱስን የተቀበለው የአፍ መፍቻ ቋንቋ ሳለ ነው። ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ በአክሱም መንግሥት መጻሕፍቱ ከግሪክኛ ሲተረጐሙ፣ ተርጓሚዎቹ ያደረጉት በገበያና በእርሻ ላይ በሚነገር ቋንቋ መጻፍ ነበር። ቄርሎስ የሚባለው የአበው ትምህርት ስብስብም በዚያው ዘመን ከግሪክኛ መጣ። ያኔ ዲያቆኑ ቆሞ ሲያነብ ሕዝቡ ይሰማ ነበር። ዘመን ሲያልፍ የሰው አንደበት ተለወጠ፤ መጽሐፉ ግን ባለበት ቆየ። ከአክሱም ውድቀት በኋላ በነበሩት ብዙ መቶ ዓመታት ግእዝ ከቤት ወጥቶ የቤተ መቅደስና የጽሕፈት ቋንቋ ብቻ ሆነ። አማርኛ ወደ ደቡብ ሲስፋፋ፣ ምእመኑ ቅዳሴ ላይ ቆሞ የሚሰማውን ቃል አይፈታውም ነበር።

ይህ ክፍተት ያስጨነቀው የመጀመሪያው ንጉሥ ዘርዐ ያዕቆብ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሠው ይህ ሰው ራሱ የነገረ ሃይማኖት ጸሐፊ ነበር። በመጽሐፈ ብርሃን ካህናቱ በሰንበት ሕዝቡን ሃይማኖት እንዲያስተምሩ ያዝዛል። የሚያስፈልገውን በትክክል አይቷል። የመረጠው መንገድ ግን ከባድ ነበር፤ ዜና መዋዕሉ እንደሚነግረን ሰዎች በግንባራቸው ላይ የሥላሴን ስም፣ በእጃቸው ላይ ደግሞ ሰይጣንን የካዱበትን ቃል እንዲጽፉ አዘዘ። ይህን ሳስብ ሁልጊዜ አንድ ገበሬ ይታየኛል፤ ግንባሩ ላይ የተጻፈውን ራሱ ማየት አይችልም፤ ቢያይም ማንበብ አይችልም። ትምህርቱ ቆዳው ላይ ደርሶ ልቡ ውስጥ አልገባም።

ከዚያ የግራኝ አሕመድ ጦርነት መጣ። አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፣ መጻሕፍት ጠፉ፣ ሊቃውንት አለቁ። የተረፈው ገና ሳያገግም ኢየሱሳውያን ሚስዮናውያን ደረሱ። ከእነርሱ ሁሉ የተለየው እ.ኤ.አ. በ1603 የገባው ስፔናዊው ጴጥሮስ ፓኤዝ ነው። ግእዝም አማርኛም ተምሮ፣ ሕፃናትን በአማርኛ ትምህርተ ሃይማኖት አስጠና። በቤተ መንግሥት ፊት ከሊቃውንቱ ጋር ሲከራከርም ዙሪያውን የቆመው ሁሉ እየሰማ ነበር። አፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 የካቶሊክ እምነትን በይፋ ተቀበለ። ከዚያ የተነሣ የፈሰሰውን ደም ሁላችንም እናውቃለን፤ እ.ኤ.አ. በ1632 ንጉሡ የአባቶቹን ሃይማኖት መልሶ መንግሥቱን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ። ሚስዮናውያኑ ተባረሩ። ያነሡት ጥያቄ ግን ከእነርሱ ጋር አልተባረረም። ሕዝቡ በገዛ ቋንቋው ክርክር ሰምቷል፤ ከእንግዲህ መልሱንም በገዛ ቋንቋው ሊሰማ ይፈልጋል። ይህን ዘመን ያጠኑ ምሁራን የኦርቶዶክስ ሊቃውንት ሃይማኖታዊ ጽሑፍን በአማርኛ ወደ መጻፍ ያዘነበሉበትን አንዱን ምክንያት ከዚህ ይመዝዛሉ።

ፋሲለደስ እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን ቆረቆረ። ከግንቡ ዙሪያ አድባራት ተተከሉ፤ በየአድባራቱ ወንበር ተዘረጋ። የአንድምታ ትርጓሜ ዛሬ የምናውቀውን መልክ የያዘው እዚህ ነው።

ጉባኤው የሚዘረጋው ከአጸዱ ዛፍ ሥር ወይም ከመምህሩ ጎጆ ደጃፍ ነው። ለምድ የደረቡ ተማሪዎች መምህሩን ከብበው ይቀመጣሉ። መጽሐፍ የያዘው አንዱ ነው፤ እርሱ በግእዝ አንድ ኃይለ ቃል ያነብና ዝም ይላል። መምህሩ መጽሐፍ አይገልጡም፤ ሁሉም በቃላቸው ነው። የተነበበውን በአማርኛ ይፈቱታል፤ ይህ ነጠላው ነው። ቀጥሎ ሐተታው ይመጣል፤ ታሪክ ካለው ታሪኩን፣ ምስክር ካለው «እንዲል» እያሉ ጥቅሱን ያመጣሉ። ከዚያ ትንፋሽ ይወስዱና «አንድም» ይላሉ፤ ሌላ ፍቺ ይከተላል። እንደገና «አንድም»። አንዱ ፍቺ ሌላውን አይሽረውም፤ ሁሉም ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ትርጓሜው ስሙን ያገኘው ከዚችው ቃል ነው።

እኔን ከ«አንድም» ይልቅ የሚገርመኝ ግን ሌላ ሐረግ ነው፤ «ስለ ምን ቢሉ»። በትርጓሜው ውስጥ ደጋግሞ ይመጣል። መምህሩ አንድ ነገር ከተናገሩ በኋላ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ይህ ስለ ምን ሆነ ቢሉ ብለው ራሳቸው ይጠይቁና ይመልሳሉ። «ቢሉ» የተባሉት እነማን ናቸው? ድሮ አንድ ተማሪ፣ ወይም ከበሩ የቆመ አንድ ባላገር የጠየቀው ነው ብዬ አምናለሁ። ጥያቄው ደግ ስለ ነበር ከመልሱ ጋር አብሮ ተጠና፤ የጠያቂው ስም ጠፍቶ ጥያቄው ቀረ። የምእመኑ መገረም በትምህርቱ ሥጋ ውስጥ ተሰፍቶ ከትውልድ ትውልድ ተላለፈ።

ምሳሌውም ከቅርብ የተወሰደ ነው። ሥላሴ በአካል ሦስት በባሕርይ አንድ መሆኑን ለማስረዳት መምህሩ ወደ ሰማይ ይጠቁማሉ፤ ፀሐይ ክበብ አላት፣ ብርሃን አላት፣ ሙቀት አላት፤ ሦስት ፀሐይ ግን አይባልም። ወይም ወደ ተማሪው ደረት ይጠቁማሉ፤ ልብ፣ ቃል፣ እስትንፋስ፤ ነፍስ ግን አንዲት ናት። ቃል ሥጋ ሲሆን መለኮት ከትስብእት ያለ መለወጥ የተዋሐደበትን ለመናገር ቅዱስ ቄርሎስ የተጠቀመበት የጋለ ብረት አለ፤ አንጥረኛ ያለበት መንደር ሁሉ ይህን አይቶታል። ብረቱ እሳት ይሆናል፤ ብረትነቱንም አይተውም። ለዚህ ነው የእኛ ሊቃውንት ነገረ መለኮትን ለሕዝብ ዝቅ አድርገው አስተማሩ ሲባል የማልስማማው። ዝቅ ያደረጉት ነገር የለም። የኬልቄዶንን ጉባኤ ክርክር ከእነ ሙሉ ክብደቱ በአንጥረኛ መስፍ ላይ አስቀመጡት እንጂ።

ትርጓሜው በአራት ጉባኤ ይከፈላል፤ ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንትና መነኮሳት። አራቱንም ያወቀ «አራት ዓይና» ይባላል። በአሥራ ስምንተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበሩት መምህር ኤስድሮስ የቀድሞውን ትርጓሜ መርምረው የራሳቸውን መስመር እንዳቀኑ በትውፊት ይነገራል፤ ከእርሳቸው የወጣው ታች ቤት ሲባል የቀድሞው ላይ ቤት ተባለ። የትግራይ ተማሪም ቢሆን ትርጓሜውን የሚማረው በአማርኛ ነበር። እንግዲህ ቋንቋው ተገኝቷል፤ ምሳሌውም ተገኝቷል። የቀረው መቀመጫው ነው።

መቀመጫው ውድ ነበርና። ከጉባኤው ለመድረስ ንባብ ቤት፣ ዜማ ቤት፣ ቅኔ ቤት ማለፍ ያስፈልጋል። ልጁ ከወላጆቹ ጠፍቶ፣ አኩፋዳውን አንጠልጥሎ፣ በየደጁ ቁራሽ እየለመነ፣ ውሻ እየተከላከለ፣ ዓመታት ይቈጥራል። ብዙዎች በመንገድ ይቀራሉ። ልጃገረዶች በአብዛኛው አይጀምሩትም። ገበሬው፣ ሸማኔው፣ የቤት እመቤቷ ትርጓሜውን የሚሰሙት በበዓል ቀን አንድ መምህር ተነሥተው ሲሰብኩ ነው፤ የዮርዳኖስ ነገር ወደ ሕዝቡ የፈሰሰው በዚህች ጠባብ ቦይ ነው። በዓል የሌለው ክፍል፣ የጳውሎስ መልእክት ጥልቁ፣ የሃይማኖተ አበው ሐተታ፣ እዚያው ዛፉ ሥር ይቀር ነበር።

ከዚህ ዛፍ ርቆ፣ ካይሮ ውስጥ፣ አንድ ኢትዮጵያዊ ሌላ ሥራ ጀመረ። አውሮፓውያን አቡ ሩሚ ብለው የመዘገቡት ነው። ታሪኩን ያቆየልን አስሊን ደ ሼርቪል የተባለ በካይሮ የነበረ የፈረንሳይ ቆንስላ ሹም ነው። አስሊን እንደ ጻፈው አቡ ሩሚ በወጣትነቱ ጎንደር ላይ ተጓዡን ጄምስ ብሩስን አውቋል፤ ኋላም እስከ ህንድ ተጉዞ ከታላቁ የቋንቋ ሊቅ ከዊልያም ጆንስ ዘንድ ቆይቷል። ካይሮ ሲደርስ ታመመ፤ አስሊን አስታመመው። ከዚያ ሁለቱ ሥራ ያዙ። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ አስሊን በሩን ለእንግዳ ሁሉ ይዘጋል። ከአበሻው ጋር ተቀምጦ የዐረብኛውን መጽሐፍ ቅዱስ ቁጥር በቁጥር፣ በዝግታ ያነብባል፤ ቃሉ ሲከብድ ዕብራይስጡን፣ ሱርስቱን፣ የሰብዓ ሊቃናቱን ግሪክኛ እያየ ያስረዳዋል። አቡ ሩሚ በአማርኛ ይጽፋል። ይህ ዐሥር ዓመት ቀጠለ። መጨረሻ ላይ በአቡ ሩሚ እጅ የተጻፈ 9,539 ገጽ ተጠናቀቀ፤ ከኦሪት ዘፍጥረት እስከ ራእየ ዮሐንስ።

ሽማግሌው ሥራውን ጨርሶ ኢየሩሳሌም ተሳለመ፤ ወደ ካይሮ ሲመለስ በወረርሽኝ ሞተ። የአገሩ ሰው መጽሐፉን ሲያነብ ለማየት አልታደለም። ዊልያም ጆዌት የተባለ እንግሊዛዊ ሚስዮናዊ እ.ኤ.አ. በ1820 ጽሑፉን ለእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር በ1,250 ፓውንድ ገዛው። ቶማስ ፔል ፕላት አርሞት ወንጌሉ እ.ኤ.አ. በ1824፣ ሐዲስ ኪዳን በ1829፣ ሙሉው በ1840 ለንደን ላይ ታተመ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። ያ የእንግሊዝ ማኅበር ሲቋቋም ያጸደቀው ሕግ ነበረው፤ መጽሐፍ ቅዱስን ያለ ማብራሪያ፣ ያለ ሐተታ ማሳተም። የጎንደር ጉባኤ ሕግ ደግሞ የዚህ ፍጹም ተቃራኒ ነው፤ ንባብ ያለ ትርጓሜ አይሰጥም። አንዱ ቃሉ ብቻውን ይበቃዋል ይላል፤ ሌላው ቃሉን ከአባቶች እጅ ተቀበል ይላል። ሚስዮናዊው ሳሙኤል ጎባት እ.ኤ.አ. በ1830 የአማርኛ ወንጌል ይዞ ጎንደር ሲገባ የተጋጩት ሁለት ሰዎች ብቻ ሳይሆኑ እነዚህ ሁለት ሕጎች ናቸው። የካህናቱን ጥርጣሬ ድንቁርና ነው የሚሉ ጸሐፊዎች አሉ፤ እኔ አይመስለኝም። ነጠላው ያለ ሐተታ በሕዝብ እጅ ሲገባ ምን እንደሚሆን አስበው ፈርተዋል። ደግሞም ከለንደን የመጣው መጽሐፍ የማኅበሩን ቀኖና እንጂ የእነርሱን ሰማንያ አንድ መጻሕፍት አልያዘም። ያም ሆኖ ቃሉን በቋንቋው ለማንበብ የጓጓ ሰው ነበር፤ ለእርሱ ደግሞ የካህናቱ ፍርሃት ዳቦ አልሆነውም። ሁለቱም ወገን የሌላውን ግማሽ ይዞ ነበር።

የቀረው አሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን በክርክር አለፈ። ቅባት፣ ጸጋ፣ ተዋሕዶ እየተባለ ስለ ክርስቶስ ልደት የተነሣው ጥያቄ ከሊቃውንት ጉባኤ ወጥቶ በየአውራጃው የወገን መለያ ሆነ። አፄ ዮሐንስ አራተኛ በግንቦት 1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ሰብስበው በተዋሕዶ አስወሰኑ፤ ያልተቀበለው ላይ ቅጣት ተፈጸመ። ሕዝቡ በዚህ ሁሉ የነገረ መለኮትን ስም ተማረ፤ ነገሩን ግን የተማረ አይመስለኝም።

አማርኛ ራሱ ለብዙ ኢትዮጵያውያን የተዘጋ በር መሆኑንም መርሳት አይገባም። ይህን በተግባር የመለሰው በልጅነቱ ለባርነት ተሸጦ ነጻ የወጣው ኦኔሲሞስ ነሲብ ነው። እንደ እርሱ ከባርነት ነጻ ከወጣችው ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክሞ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መለሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1899 ስዊዘርላንድ ውስጥ ሴንት ክሪስቾና ታተመ። አስቴር በወጣትነቷ የኦሮምኛ ቃላትን እየሰበሰበች፣ የሕዝቡን ተረትና ዜማ እየጻፈች ያበረከተችው ባይኖር ትርጉሙ ያን ያህል የቤት ቋንቋ ባልሆነ ነበር።

ሁለቱን ግማሾች፣ ንባቡንና ሐተታውን፣ የገጠማቸው ማተሚያ ቤት ነው። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በ1914 ዓ.ም. ማተሚያ አቆሙ፤ በኋላ ብርሃንና ሰላም የተባለው ነው። በ1916 ዓ.ም. አራቱ ወንጌል ንባቡ ከነትርጓሜው ታተመ። ከዚያ በፊት በመምህራን ደረት ውስጥ ብቻ የነበረ፣ ቢጻፍም በጥቂት ብራናዎች የተያዘ ቃል፣ አሁን ገንዘብ የከፈለ ሁሉ ክንዱ ሥር ይዞት የሚሄድ መጽሐፍ ሆነ።

መጽሐፉን የገለጠ ሰው ወዲያው የሚያየው ጉባኤውን ነው። የግእዙ ኃይለ ቃል ይቀድማል፤ የተማሪው ድምፅ ነው። አማርኛው ይከተላል፤ የመምህሩ ድምፅ ነው። መስመሩ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ አንቀጽ መክፈቻ የለም፤ «ሲል ነው»፣ «እንዲል»፣ «አንድም»፣ «ስለ ምን ቢሉ» እየተባለ ሳይቆም ይፈሳል። በአፍ ይነገር የነበረው እንደ ተነገረ ወረቀት ላይ ወርዷል። አማርኛው የጎንደርና የሸዋ መምህራን አማርኛ ነው፤ ስለ እርሻ ሲናገር ገበሬ፣ ስለ ዳኝነት ሲናገር ባለጉዳይ የሚያውቀው ቃል ይመጣል። ያም ሆኖ ለጀማሪ አይመችም። መምህሩ በእጃቸው ምልክት፣ በድምፃቸው ማንሣትና መጣል ይለዩት የነበረው ፍቺ በጽሑፍ ላይ ተደባልቆ ይታያል። በሦስተኛው «አንድም» ላይ መንገድ የሚስት አንባቢ ብዙ ነው። እኔም ስቼ አውቃለሁ።

ጣልያን ሲገባ ብዙ ሊቃውንት አለቁ፤ በግንቦት 1929 ዓ.ም. በደብረ ሊባኖስ የተፈጸመውን ጭፍጨፋ ማስታወስ ይበቃል። ትርጓሜ በቃል ይያዝ በነበረበት አገር አንድ መምህር ሲገደል ቤተ መጻሕፍት ይቃጠላል። ምናልባት ለዚህ ይሆናል ከነጻነት በኋላ ማሳተሙ የበረታው። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ከመምህራቸው ከክፍለ ጊዮርጊስ የተረከቡትን የግእዝ መዝገበ ቃላት ዕድሜያቸውን ሙሉ ደክመውበት ሳይታተም ዐረፉ፤ ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ አሰናድተውት በ1948 ዓ.ም. ወጣ። በዚያው ዓመት የቅዱስ ጳውሎስ መልእክታት ከነትርጓሜያቸው ታተሙ። በ1954 ዓ.ም. ደግሞ የዐፄ ኃይለ ሥላሴ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ወጣ፤ የኦርቶዶክሱም የፕሮቴስታንቱም አፍ ለትውልድ የተሞረደበት መጽሐፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ከአዲስ አበባ ማሠራጨት የጀመረው የወንጌል ድምፅ ሬዲዮም ደርግ እ.ኤ.አ. በ1977 እስኪወርሰው ድረስ ስብከትን ወደ ሳሎንና ወደ ሱቅ አስገባ።

የዘመናዊው ትምህርት ቤት ልጆች ግን ሌላ ችግር ገጥሟቸው ነበር። ፊደል ቈጥረዋል፣ እንግሊዝኛ ያነብባሉ፣ ስለ ዳርዊንና ስለ ማርክስ ይሰማሉ፤ የአያቶቻቸውን ጉባኤ ግን አያውቁትም። ለእነርሱ ድልድይ የሆኑት ሁለቱን ዓለም የቀመሱ ካህናት ናቸው። ሊቀ ሥልጣናት ሀብተ ማርያም ወርቅነህ በ1963 ዓ.ም. ባሳተሙት «ጥንታዊ የኢትዮጵያ ሥርዓተ ትምህርት» የጉባኤ ቤቱን ሕይወት ከንባብ ቤት እስከ መጻሕፍት ቤት ደረጃ በደረጃ ጻፉት፤ ከተማ ያደገ ልጅ የቆሎ ተማሪን ጎጆ በመጽሐፍ በር ገብቶ አየው። በየአጥቢያው ሰንበት ትምህርት ቤት ተቋቋመ። ወጣቶቹ ወፍራሙን የትርጓሜ መጽሐፍ ይዘው ከመርጌታው ዘንድ ይሄዱና «ይህን ይፍቱልን» ይላሉ፤ ከዚያ በደብተር ገልብጠው፣ በማባዣ አባዝተው ለጓደኞቻቸው ያድላሉ። በዚያ ሐምራዊ ቀለም የተባዙ፣ ጠርዛቸው የተበላ ወረቀቶች ዛሬም በአንዳንድ ቤት ሣጥን ውስጥ አሉ።

አብዮቱ ሲመጣ የቅድስት ሥላሴ መንፈሳዊ ኮሌጅ ተዘጋ። ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ ታሰሩ፣ ተገደሉ። በዚያ ጭንቅ ውስጥ አቡነ ጎርጎርዮስ ዝዋይ ሐይቅ ዳር ወጣቶችን ሰብስበው ያስተምሩ ነበር። አቡኑ የጉባኤ ቤቱ ልጅ ናቸው፤ ውጭ አገርም ተምረዋል። የቤተ ክርስቲያኗን ታሪክ ተማሪ ሊያነበው በሚችል አማርኛ ጽፈው አሳተሙ። በ1982 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ዐረፉ። በሚቀጥለው ዓመት ደርግ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ወደ ብላቴ ማሠልጠኛ ሲልካቸው፣ የኦርቶዶክስ ልጆች ከሥልጠናው መልስ ማታ ማታ እየተሰባሰቡ ይጸልዩ ጀመር፤ እነዚህና የዝዋዩ ልጆች ተገናኝተው በ1984 ዓ.ም. ማኅበረ ቅዱሳንን መሠረቱ። ከዚያ ወዲህ መሐንዲሱ፣ ሐኪሙ፣ የሒሳብ አስተማሪዋ በጋዜጣና በመጽሔት ስለ ምሥጢረ ሥጋዌ የሚጽፉበት ዘመን መጣ። ከሁሉ ደስ የሚለኝ ሴቶቹ ናቸው፤ የጎንደር ጉባኤ ወንበር ያልሰጣቸው፣ ዛሬ በሰንበት ትምህርት ቤት ፊት ቆመው «አንድም» ይላሉ።

ከጋዜጣው ጎን ካሴት ነበረ፤ ከካሴቱ በኋላ ስልክ መጣ። ሊቀ ሥልጣናት ሀብተ ማርያም ራሳቸው ጵጵስና ተቀብለው አቡነ መልከ ጼዴቅ ተብለው አሜሪካ ሲኖሩ ትምህርታቸው ባሕር ተሻግሮ ተነበበ። በዋሽንግተን ታክሲ የሚነዳው፣ በቤይሩትና በዱባይ በሰው ቤት የምትሠራዋ፣ ሌሊት ሥራ ሲጨርሱ ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ አድርገው የሚሰሙት ስብከት ሥሩ ያው የዛፉ ሥር ጉባኤ ነው።

አንድ ወዳጄ የላከልኝ የድምፅ ቅጂ ስልኬ ውስጥ አለ። ከገጠር ጉባኤ ቤት የተቀዳ ነው። ዶሮ ይጮኻል፤ በመሐል ዝናብ ቆርቆሮውን መምታት ይጀምራል። አንድ ተማሪ ከማቴዎስ ምዕራፍ ሦስት በግእዝ ያነብባል፤ አረጋዊው መምህር በአማርኛ ይፈቱታል፤ ምንጩ አንድ የሆነው ወንዝ ለሁለት ተከፍሎ ተመልሶ እስኪገናኝ ደረሱ። እዚያ ላይ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ጠየቀ። ከመቅጃው ስለ ራቀ ያለው አይሰማም፤ አሥር ጊዜ መልሼ አዳመጥኩት፣ አይሰማም። መምህሩ ግን ሰምተውታል። ጥቂት ዝም አሉ፤ ዝናቡ ብቻ ይሰማል። «ደግ ጠየቅህ» አሉና ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ስለ ምን ቢሉ ብለው ጀመሩ።